አይቡን የለወስኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ በስልክ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። ብቻዬን ስሆን እንኳ ድምፄን አውጥቼ ብዬው አላውቅም። አሁን ለእናንተ እናገራለሁ፤ በተለይ እኔ በመጣሁበት ዓመት፣ ደቡብ ሲያትል ባለው አዳራሽ የመስቀልን ድግስ አብራችሁኝ ለበላችሁ፣ ከበላችሁም በኋላ ለታመማችሁ።

አንገቴን ደፍቼ አይደለም የምናገረው። ኩሩ ሰው ነኝ። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲያነቡ ሳይስቁ አይቀሩም፤ ሰው ፊት ቡና ለመጠየቅ እንኳ የምትሽኮረመም ልጅ መቼ ነው ኩሩ የሆነችው ይላሉ። ግን ዓይን አፋር ሰው ምን ያህል ኩሩ ሊሆን እንደሚችል እኔን የሚያህል ምስክር የለም። ይሉኝታዬ አፌን ሲዘጋው ኩራቴ ደግሞ ዝምታዬን ጨዋነት አስመስሎ አቀረበልኝ። በሁለቱ መካከል የተጎዳሁት እኔ አይደለሁም፤ እትዬ ብርነሽ ናቸው።

ወደ ሲያትል የመጣሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ነው። ባዮሎጂ ተምሬ፣ በማዕረግ ተመርቄ፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝቼ ነበር። ቡታጅራ ከሠፈራችን እንዲህ ያለ ዕድል ያገኘ ሰው አልነበረም። አባቴ ሊሸኘኝ ሲመጣ ከረባት አሥሮ ነበር፤ ከረባት እንዳለውም አላውቅም ነበር። ያን ከረባት ሳስበው አሁንም ደረቴ ይነፋል።

ሆዴ የታመመው ከመነሳቴ በፊት ይሁን በጉዞው ላይ አላውቅም። የሽኝቱ ድግስ ይሁን፣ መንገድ ላይ የጠጣሁት ውኃ ይሁን እግዜር ይወቀው። አውሮፕላኑ ውስጥ ግን ከመጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ አልራቅሁም። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ደጋግሜ ሳስነሳቸው ጊዜ፣ «ልጄ፣ ነይ አንቺ እዚህ ዳር ተቀመጪ፤ እኔም ጉልበቴን ላሳርፈው» ብለው ቦታ ቀየሩኝ። በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ አየር ላይ ሆኜ መሬት ከየት ይመጣል?

ያረፍኩት እትዬ ብርነሽ ቤት ነው። የአባቴ የልጅነት ጎረቤት ናቸው፤ ቤታቸው ኦቴሎ የሚባል ሠፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው በእግር የሚደረስ ነው። በሥራ ቀን አረጋውያን ይንከባከባሉ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ለሠርጉም ለክርስትናውም ክትፎ የሚያዘጋጁት እሳቸው ነበሩ። ማንም ሰው «ክትፎ ማን ይሥራልን?» ብሎ አይጠይቅም ነበር፤ «እትዬ ብርነሽ ቀኑ ይመቻቸው ይሆን?» ብሎ ነበር የሚጠይቀው። ሥጋውን በእጃቸው ያጠራሉ፤ ጅማት የምትባል ነገር አታመልጣቸውም። ቅቤውን የሚያነጥሩበትን ቅመም ለገዛ ልጃቸው እንኳ አላሳዩም። ከሁሉም በላይ አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ሆዱን ያመመው፣ ያስነጠሰው፣ ጣቱን የቆረጠው ሰው ማድ ቤታቸው አይገባም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የያዝኩት የሲያትል ካርታ የመጸዳጃ ቤቶች ካርታ ነበር። የትኛው ጣቢያ አጠገብ መጸዳጃ አለ፣ የትኛው ቡና ቤት ሳይገዙ ያስገባል፣ የትኛው የዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ጸጥ ያለ ፎቅ አለው፤ ይህን ሁሉ ከትምህርቴ በፊት አጠናቀቅሁ። ሌሎቹ አዲስ ተማሪዎች ከሩቅ የሚታየውን የበረዶ ተራራ ፎቶ ሲያነሱ እኔ በላብ ተጠምቄ መውጫውን እፈልግ ነበር። እትዬ ብርነሽ ሲጠይቁኝ፣ «የሰዓት ለውጡ ነው፣ እንቅልፍ አጥቼ ነው» እላለሁ። በማድ ቤታቸው ፊት በሽተኛ መሆን አልፈለግሁም።

በመጨረሻ የተማሪዎች ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ደግ ሴት ነበረች። ይህ የመንገደኛ ሕመም መሆኑን፣ ብዙ ተማሪ ይዞት እንደሚመጣ ነግራ አረጋጋችኝ። ለሰገራ ምርመራ ትንሽ ብልቃጥ ሰጠችኝና አንድ ነገር ደጋግማ አሳሰበችኝ፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ለሌላ ሰው ምግብ እንዳላዘጋጅ። ራሴን ነቀነቅሁ። እንዲያውም በልቤ «ይህን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» ብያለሁ። ባዮሎጂ ተምሬ የለ እንዴ! ጀርም ከእጅ ወደ ምግብ እንዴት እንደሚሻገር በቤተ ሙከራ ያየሁ እኔ ነኝ። ስለዚህ አላወቀችም የሚለውን ምክንያት አትስጡኝ፤ እኔም ጥዬዋለሁ።

ብልቃጡን ግን አልመለስኩትም። ሰው በሞላበት ባቡር ውስጥ ያን ነገር ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ መቀመጥ አሳፈረኝ። ደግሞም በክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ሐበሻ እኔ ነበርኩ፤ «ከአገሯ በሽታ ይዛ መጣች» መባልን ፈራሁ። ነገ ይሻለኛል እያልኩ መስቀል ደረሰ።

የጉራጌ መስቀል ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ወንዶቹ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ እርሻ ሰንጋ ገዝተው፣ ራሳቸው ባርከው አርደው መጡ። ሴቶቹ እትዬ ብርነሽ ጋራዥ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ መኪናው ወጥቶ በቦታው ጠረጴዛ፣ ገበታና መክተፊያ ተደርድሯል። ቆጮው ከበረዶ ወጥቶ ይለሰልሳል፤ ጎመኑ ተቀቅሎ ይደቅቃል፤ ከሱቅ አሬራ የወጣው አይብ በትልቅ ሳህን ተቀምጧል። እኔ ጥግ ላይ፣ ወንበር ላይ ነበርኩ። እዚያው ብቀር ኖሮ!

«አንቺ ማስተርስ!» አለችኝ ለምለም የምትባል ቀልደኛ ጎረቤታቸው፤ «ተቀምጠሽ ልትገመግሚን ነው?»

«ተያት፣ እሷ አይብን በማይክሮስኮፕ ነው የምታውቀው» አለች ሌላዋ፤ ጋራዡ በሳቅ ተሞላ።

ቀልድ ነበር፤ በፍቅር የተቀለደ። እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። አይብ የእናቴ ሙያ ነው። ቡታጅራ ውስጥ አይብና ጎመን የሚለውስ ሲጠፋ የሚጠሩት እናቴን ነው፤ እኔም ያደግሁት በእሷ ሳህን ላይ ነው። ተነሣሁና እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

እትዬ ብርነሽ ከሥጋው ቀና ብለው አዩኝ። «ቤዛዬ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም። ሆድሽ ደህና ነው? እንግዳ ነሽ፣ ተቀምጠሽ ብትበይ ማንም አይቀየምሽም።»

«ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

ይኸው ነው ኃጢአቴ። ተጠይቄ ነበር። በቀጥታ፣ በፍቅር፣ ማምለጫ በሩ ወለል ተደርጎ ተከፍቶልኝ ተጠይቄ ነበር። እኔ ግን «ደህና ነኝ» አልኩ። ማን አስገደደኝ? ሳቃቸው ነው? አይደለም። እኔ ነኝ። ከወንበሩ የተነሣሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ አይቡን የለወስኩት እኔ ነኝ።

ኮረሪማውን በተንኩ፣ ቅቤውን ጠብ አደረግሁ፣ ጎመኑን ጨመርኩ፣ በእጄም ለወስኩት። መሐል ላይ ሆዴ ቆረጠኝና ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጥኩ። ስመለስ ታጥቤ ነበር? አዎ። እንዴት ታጠብኩ? በሩ እየተንኳኳ፣ ለምለም «ማስተርስ፣ አይብሽ ይጠብቅሻል!» እያለች፣ ቀዝቃዛ ውኃ ጣቶቼ ላይ አሳልፌ ሳሙናውን ሳልነካ ወጣሁ። ከዚያም ተመልሼ ለወስኩት።

እትዬ ብርነሽ በማንኪያ ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ኧረ የዚች ልጅ እጅ! ይሄ የእናትሽ ነው!» አሉ። ለምለምም፣ «በቃ፣ ዩኒቨርሲቲውን ተይው፣ እኛ ዘንድ ተመርቀሻል» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ሲያትል ከገባሁ ወዲህ ያን ያህል ኮርቼ አላውቅም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የዚህ ከተማ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ድግሱ ላይ ከድጃም ነበረች። ከድጃ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ኤርፖርት የምትሠራ፣ ዴ ሞይን በምትባል ጎረቤት ከተማ ከአክስቷ ጋር የምትኖር ጓደኛዬ ናት፤ ስመጣ በመኪናዋ የተቀበለችኝ እሷ ነበረች። በየዓመቱ ለመስቀል ትመጣለች። ሥጋው የክርስቲያን ስለሆነ አትነካም። እትዬ ብርነሽም የእሷን ድርሻ አስቀድመው ይለዩላታል፤ ሥጋ የነካው ቢላም ማንኪያም እንዳይደርስበት በአዲስ ሳህን፣ በፎይል ተሸፍኖ፣ አይብና ጎመን ከቆጮ ጋር። በዚያ ቀንም እንደዚያው አደረጉ። ከድጃ አይቡን ሁለተኛ ጠይቃ በላች።

ከበዓሉ በኋላ በነበረው ሰኞ ስልኩ መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ ለምለም ነበረች፤ «እትዬ፣ ቤት ሙሉ ተኝተናል፤ እናንተስ እንዴት ናችሁ?» ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። እዚህ ያለውን የጉራጌ ማኅበር በሽማግሌነት የሚመሩት አባባ ወልዴ አቅም አጥተው ሆስፒታል ገቡ፤ ግሉኮስ ተሰጣቸው። ሐኪሞቹ ምን በሉ ብለው ሲጠይቁ «ጥሬ ሥጋ» አሉ። ከዚያ በኋላ ሌላ የጠየቀ የለም። ጥሬ ሥጋ እያለ ማን አይብን ይጠረጥራል?

«ሥጋዬን አውቀዋለሁ» ይሉ ነበር እትዬ ብርነሽ በስልክ። «ዕለቱን የታረደ ነው። በዚህ በእጄ ነው ያጠራሁት።»

ልጃቸው ሜሮን ልታበርዳቸው ሞከረች። «ማሚ፣ ሮው ሚት ነው እኮ። ኢትስ ኦኬ፤ በቃ ሶሪ በያቸው።»

«ያላጠፋሁትን ሶሪ አልልም!» አሉ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እሰማ ነበር። እሳቸው ልክ መሆናቸውን በዚያ ቤት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ወይም ያን ሰዓት ጠርጥሬ ብቻ ነበር፤ ማወቁ በማግስቱ መጣ።

በማግስቱ ከድጃ ኮል አደረገችልኝ፤ ድምፅዋ ሰልሏል። «ቤዛ፣ እኔም ሞቼ ነው የተረፍኩት። ግን በአላህ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ታመመች ከተባለ ክትፎውን በልታለች ነው የሚሉኝ። አክስቴ ብትሰማ የምገባበት የለኝም። ሆድ ይድናል፤ ስም ግን ከተበላሸ አይድንም።»

ስልኩን ዘጋሁ። ከድጃ ሥጋ አልቀመሰችም። ሥጋ የነካው ማንኪያ እንኳ አልደረሰባትም፤ እትዬ ብርነሽ ራሳቸው ጠብቀውላታል። የበላችው አይቡን ነው። የእኔን አይብ። እትዬ ብርነሽን ነጻ የሚያወጣው ማስረጃ በእጄ ገባ፤ ያስገኘውም የገዛ ጥንቃቄያቸው ነበር። እኔስ ምን አደረግሁ? «አይዞሽ፣ አልናገርም» አልኳት። የጓደኛን ምስጢር የጠበቅሁ መሰልኩ። የጠበቅሁት ግን የማንን ነው? ከድጃ የለመነችኝ ስለ ራሷ ሆድ እንዳልናገር ነው። ስለ እኔ ሆድ እንዳልናገር የለመነኝ ሰው አልነበረም። በሷ ልመና ተጠለልኩ፤ እዚያም ዓመታት ተቀመጥኩ።

ያንኑ ሳምንት ወደ ክሊኒኩ ተመለስኩ። ውጤቱ የፈራሁት ሆነ፤ መድኃኒቱን ወሰድኩ፣ ዳንኩም። አባባ ወልዴም ዳኑ፤ ሁሉም ዳነ። ያልዳነው የእትዬ ብርነሽ ስም ነበር። የሠርጉ ጥሪ ቀነሰ፤ የመጣውም «ለብለብ ይሁንልን» እያለ መጣ። በዓመቱ የመስቀል ስብሰባ ላይ እኔም ተቀምጬ ነበር። አባባ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ዘንድሮ ብርነሽ ትረፍ፤ ብዙ ለፍታለች። ክትፎውን ከምግብ ቤት እናዛለን። እሷ ለስላሳና የወረቀት ሳህን ብታመጣልን ይበቃል» አሉ። ማንም ቀና አላለም። እኔም ቀና አላልኩም።

እትዬ ብርነሽ ለስላሳውንና የወረቀት ሳህኑን ይዘው መጡ። ጥበብ ለብሰው፣ ወርቃቸውን አጥልቀው፣ ጠርሙሶቹን በመልክ በመልኩ ደርድረው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሳህን በሁለት እጃቸው አቀበሉ። አንገታቸውን አልደፉም። ኩራት ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ቀን ነው፤ የኔ ኩራት ነው ብዬ የተሸከምኩት ነገር ከእሳቸው አጠገብ ፍርሃት መሆኑን ያወቅሁትም ያን ቀን ነው።

ያም ሆኖ አልተናገርኩም። ከዚያ የባሰም አለ። አንድ ቀን ለቤት የሚሆን ሥጋ እየከተፉ ሳለ ድንገት ቆሙና እጆቻቸውን አገላብጠው አዩ። «ቤዛ፣ እኔ እሆን እንዴ?» አሉኝ። «ዕድሜዬ ሄዶ ዓይኔ ያላየው ነገር ይኖር ይሆን?» እኔም፣ «ኧረ በፍጹም፣ እትዬ፣ እርስዎ አይደሉም» አልኳቸው። እውነት ነበር። ከዋሸሁት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ እውነት ነው። አጽናናኋቸው። አቅፌያቸውም ነበር። ሥጋውን መጥበሻ ላይ ጣሉት፤ ከዚያ ወዲህ በገዛ ቤታቸውም ጥሬ ክትፎ ሠርተው አያውቁም።

ስመረቅ መጡ። በዚያ ሁሉ ፈረንጅ መሐል ስሜ ሲጠራ እልልታቸው ጣሪያውን ሰነጠቀው፤ «የኔ ልጅ ናት! እኔ ቤት ነው ያረፈችው!» እያሉ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ያሳዩኝ ነበር። በዲግሪዬ አላፍርም። በሕመም፣ በብርድ፣ በባዕድ ቋንቋ መሐል ሠርቼ ያገኘሁት ነው፤ ዛሬም ቤልቪው ባለ ቤተ ሙከራ ውኃ እመረምራለሁ፣ ሥራዬን በደንብ አውቃለሁ። በቡታጅራም እኮራለሁ፣ በእናቴም እኮራለሁ፣ ከዚህ ከተማ ጋር ተጋፍቼ በመቆሜም እኮራለሁ። ይህን ሁሉ ላስተባብል አልመጣሁም። ግን የቆምኩት በማን ቤት ነው? በመጣሁበት የመጀመሪያ ምሽት አጥሚት አፍልተው ያጠጡኝ፣ አልጋዬን ያሞቁልኝ ሴት ስማቸውን ሲያጡ እኔ ስም አተረፍኩ። በዚህ ሊኮራ የሚችል ሰው የለም።

ባለፈው ሰሞን ከድጃን አገኘኋትና የእሷን ግማሽ ብቻ አነሣሁላት፤ በዚያ መስቀል መታመሟን ብናገር ትቀየመኝ እንደሆነ ጠየቅኋት። ሳቀች። «አክስቴ እንኳ አሁን ሌላ የምትቆጣበት አላጣችም፤ ፈረንጅ ላገባ ነው እኮ!» አለች። ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ፣ «ግን ለምን አሁን?» አለችኝ። «ሲወጣ አንብቢው» አልኳት። ፊቷን አይቼ የቀረውን ልነግራት አልቻልኩም። ይኸው ከድጃ፣ ለምን እንደሆነ። ያን ቀን ያሳመመሽ እኔ ነኝ።

እትዬ ብርነሽ ይህን ከወረቀት ላይ አያነቡትም። እናንተ እጅ ከመግባቱ በፊት ኦቴሎ ሄጄ፣ ደጃፋቸው ቆሜ፣ በአፌ እነግራቸዋለሁ። ወጣት ነበርኩ አልልም። ታምሜ ነበር፣ አገሩ አዲስ ሆኖብኝ ነበር፣ ፈርቼ ነበር አልልም፤ ብዙ ሰው ታሞ፣ አገሩ አዲስ ሆኖበት፣ ፈርቶም እውነቱን ይናገራል። ቢቆጡ ልክ ናቸው። በሩን ቢዘጉብኝም ልክ ናቸው። ይቅርታቸውን የምጠብቀው ሲፈቅዱ ነው፤ ባይፈቅዱም አልከራከርም።

ከእናንተ ግን ለራሴ ይቅርታ አልጠይቅም። አባባ ወልዴ፣ ለምለም፣ በዚያ አዳራሽ የነበራችሁ ሁሉ፣ ለእኔ የምትሰጡኝን ይቅርታ አቆዩትና በመጀመሪያ ከእትዬ ብርነሽ የወሰዳችሁትን መልሱላቸው። መስቀል እየመጣ ነው። ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ፤ ክትፎውን እሳቸው ይሥሩ። ለብለብ ይሁንልን አትበሏቸው። ጥሬውን ብሉ።